ድፍድፉ ሳይደርስ የሚሣል ካርታ

ጁን 3 ቀን 1979 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሜክሲኮ የካምፔቼ ባሕረ ሰላጤ ይቆፈር የነበረው ኢክስቶክ አንድ የተባለ የነዳጅ ጉድጓድ ፈነዳ። ጉድጓዱ የተደፈነው ከዘጠኝ ወር በላይ ቆይቶ ነው። የፈሰሰው ድፍድፍ ነዳጅ በውኃው ላይ ተንሳፎ ወደ ሰሜን ሲያመራ፣ የአሜሪካ ባለሙያዎች ቴክሳስ መድረሱ እንደማይቀር ገባቸው። ጉዞው ሁለት ወር ያህል ፈጀ። ያን ፋታ በከንቱ አላሳለፉትም፤ ድፍድፉ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከቴክሳስ ዳርቻ የትኛው ክፍል የበለጠ እንደሚጎዳ የሚያሳይ፣ በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነ ካርታ አዘጋጁ። የዛሬው ትውውቃችን ከዚህ ካርታ ጋር ነው።

መነሻው ማይልስ ሄይስና ኤሪክ ጉንድላክ የተባሉ ሁለት የባሕር ዳርቻ ተመራማሪዎች ናቸው። ሜቱላ የተባለችው መርከብ በ1974 በማጄላን ሰርጥ፣ ኡርኪዮላ ደግሞ በ1976 በስፔን ላኮሩኛ ያፈሰሱት ነዳጅ የት እንደቆየና የት እንደጠፋ ተከታትለው፣ በ1978 ለዳርቻዎች ከ1 እስከ 10 ደረጃ አወጡ።

ደረጃው መጀመሪያ ሲያዩት የተገለበጠ ይመስላል። ሞገድ ቀንና ሌሊት የሚደበድበው ገደል 1ኛ ነው፤ ማለትም ከሁሉ ያነሰ ተጋላጭ። ሞገዱ ከአለቱ ተላትሞ ሲመለስ ድፍድፉን አብሮ ይገፋዋል፤ የተለጠፈውንም ውሎ አድሮ ያጥበዋል። የደቀቀ አሸዋ እርስ በርሱ የተጠቀጠቀ ስለሆነ ድፍድፉ ከላይ ይቀራል፣ ተጠርጎም ይነሳል። ሻካራ አሸዋና ጠጠር ላይ ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል። 10ኛው ደረጃ ሞገድ የማይደርስበት ጸጥ ያለ ረግረግና የማንግሮቭ ደን ነው። ለዓይን ሰላማዊ የሆነው ቦታ አንዴ ከተበከለ የሚያጥበው የለም። በካርታው ላይ 10ኛው ቀይ ነው፤ ደረጃው ሲቀንስ ቀለሙ ወደ ሰማያዊና ሐምራዊ ይሄዳል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል የሳውዲ አረቢያ ምሥራቃዊ ዳርቻ አሳይቷል። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የፈሰሰው ድፍድፍ በዚያ ያለውን የጨው ረግረግ ሲያጥለቀልቅ፣ ሸርጣኖች በጭቃው ውስጥ የቆፈሯቸው ቀዳዳዎች መውረጃ ቦይ ሆኑለት። ሸርጣኖቹ አለቁ። ጭቃውን የሚያናፍሰው የእነሱ ቁፋሮ ነበርና፣ እነሱ ሲጠፉ አየር ወደ ታች መግባቱን አቆመ፤ አየር በሌለበት ደግሞ ድፍድፉን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በወጉ አይሠሩም። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ዳርቻው ሲጠና ድፍድፉ በእነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ እንዳለ ተገኘ። አንድ የጣት ውፍረት ያለው ጉድጓድ የአሥር ዓመት ማጠራቀሚያ ሆነ ማለት ነው።

ካርታው ግን የአፈርና የአለት ካርታ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በሚያሳትማቸው ካርታዎች ላይ የወፎች መኖሪያ በአረንጓዴ፣ የዓሣ በሰማያዊ ተሰምሮ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩን ይዘው ወደ ሠንጠረዡ ሲሄዱ የእንስሳው ስም፣ በየትኞቹ ወራት እንደሚገኝ፣ መቼ እንቁላል እንደሚጥል ተጽፎ ያገኛሉ። ለእኔ የካርታው ትልቁ ብልሃት ይህ የወር ዝርዝር ነው፤ በጥር ባዶ የሆነ አሸዋ በሰኔ የኤሊ እንቁላል የሞላበት ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛው ክፍል የሰው ነው፦ ወደቡ፣ የዓሣ ማጥመጃው፣ የባሕር ውኃ መሳቢያ ቱቦው። በብዙ የባሕረ ሰላጤው ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ከቧንቧ የሚቀዱት ጨው የወጣለት የባሕር ውኃ ስለሆነ፣ የመሳቢያው ቦታ የሕይወት ጉዳይ ነው። በ1991 በሳውዲ አረቢያ ጁበይል ባለው ትልቅ የውኃ ማጣሪያ ዙሪያ ድፍድፉን የሚያግድ ተንሳፋፊ አጥር የተዘረጋው ለዚህ ነበር።

ተንሳፋፊ አጥር ለሁሉም ዳርቻ በቅቶ አያውቅም። ስለዚህ ካርታው የሚያስገድደው ከባድ ምርጫ አለ፤ የቱን እናድን፣ የቱን እንተው? በ1979 ቴክሳስ የመረጠችው ከረጃጅም የአሸዋ ደሴቶቿ ጀርባ ወዳሉት ጸጥተኛ ሐይቆች የሚያስገቡትን ጠባብ በሮች መዝጋት ነበር። ድፍድፉ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ የአሸዋ ዳርቻ አጠቆረ። ያማል፤ ግን አሸዋው ሊጠረግ ይችላል። ምርጫው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ካርታው አጸዳዱንም ይመራል። በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ ከተባለችው መርከብ የፈሰሰው ድፍድፍ አላስካን ሲበክል፣ ዳርቻው በኃይለኛ ግፊት ሙቅ ውኃ ታጠበ፤ ከድፍድፉ የተረፉ ብዙ ትንንሽ ፍጥረታትን የጨረሰው ያ እጥበት ነው። ረግረግ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰው ባይረግጠው ይሻለዋል፤ እግርና መሣሪያ ድፍድፉን ወደ ጭቃው ይጠቀጥቁታልና።

ማዕበል አሸዋውን ሲያዛውር፣ ማንግሮቭ ሲጨፈጨፍ፣ አዲስ ወደብ ሲሠራ ካርታው ያረጃል። አደጋው ከደረሰ በኋላ ልሣል ማለት ደግሞ ድስት ጥዶ ማልቀስ ነው።

በቀይ ባሕር ከየመን ዳርቻ ወዲህ፣ ሴፈር የተባለችው ያረጀች መርከብ ከአንድ ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ተሸክማ ለዓመታት ቆማ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት መሪነት ድፍድፉ ወደ ሌላ መርከብ ተገልብጦ የተጠናቀቀው ኦገስት 11 ቀን 2023 ነው። የጅቡቲ ማንግሮቭ ያለው በዚያው ባሕር አካባቢ ነው፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃም በጅቡቲ ወደብ ያልፋል። ዳርቻው የእኛ ባይሆንም፣ ካርታው በየጊዜው ይታደስ ብለን መወትወት ይገባናል።