የባሕር ወለል በድምፅ ሲመረመር

ሸክላ ድስት የሚገዛ ሰው ዕቃውን በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ ያዳምጣል። ስንጥቅ ያለበት ድስት ድምፁ የታፈነ ነውና ጉዳቱ በዚህ ይታወቃል። የባሕርን ወለል የሚመረምሩ ባለሙያዎች ሥራም በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በባሕር ላይ የነዳጅ ዘይት ማውጫ መድረክ ወይም በነፋስ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚተክል መሐንዲስ፣ ምሰሶዎቹን የሚሸከመው አፈር ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አፈሩ ሲከዳ የሚደርሰው ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1969 ታይቷል። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ካሚል የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ሲመታ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት ሥፍራ አጠገብ፣ 100 ሜትር ያህል በሚጠልቅ ውሃ ውስጥ የቆመ አንድ የነዳጅ መድረክ ተገለበጠ። የጣለው ነፋሱ ብቻ አልነበረም። ማዕበሉ ከላይ ሲጫነው፣ ወንዙ ያከማቸው ለስላሳ ደለል ተንሸራትቶ ምሰሶዎቹን ገፍቷቸው ነው።

እርግጥ አፈሩን ቆፍሮ እንደ ማየት ያለ ነገር የለም። ነገር ግን ከመርከብ ላይ ሆኖ መቆፈር ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ አንድ ጉድጓድም የሚያስረዳው ስለዚያው ቦታ ብቻ ነው። በጉድጓዶች መካከል ያለውን ሰፊ ወለል ለማወቅ ድምፅ ያስፈልጋል።

ከመርከቧ ወደ ታች የተላከው የድምፅ ሞገድ ወለሉንና ከሥሩ ያሉትን ንብርብሮች እየመታ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ለመመለስ ከወሰደበት ጊዜ የንብርብሩ ጥልቀት ይሰላል፤ ከማሚቶው ብርታት ደግሞ የአፈሩ ዓይነት ይገመታል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1500 ሜትር ያህል ይጓዛል። በአሸዋ ውስጥ ወደ 1700 ሜትር ይጠጋል። በለስላሳ ጭቃ ውስጥ ግን ከውሃው ፍጥነት ብዙም አይለይም፤ አንዳንድ ጊዜም በጥቂቱ ያንሳል። ምክንያቱም የለስላሳ ጭቃ አብዛኛው ይዘቱ ውሃ ነው፤ የአሸዋ ቅንጣቶች ግን ተጠጋግተውና ተደጋግፈው ይቆማሉ።

ከዚህ ይልቅ ለመሐንዲስ የሚጠቅመው አፈሩን ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ሞገድ ነው። ውሃ የራሱን ቅርፅ ይዞ ስለማይቆም ይህ ሞገድ በውሃ ውስጥ አያልፍም፤ የሚተላለፈው በቅንጣቶቹ መደጋገፍ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ የአፈሩን ግትርነት ይገልጻል። መሣሪያው ግን ከወለሉ ላይ መቀመጥ ስላለበት ሥራው አድካሚ ነው።

ድምፅ የሚያታልልበትም ጊዜ አለ። በጭቃው ውስጥ የተቀበረው ዕፅዋት በስብሶ የጋዝ አረፋ ከፈጠረ፣ አረፋው ጥቂት ቢሆንም እንኳ የድምፁ ፍጥነት እጅግ ይቀንሳል፤ ከሥሩ ያለው ንብርብርም ይሰወራል። የሚሲሲፒ ደለል እንዲህ ያለ ጋዝ ይገኝበታል።

ከዚህም በላይ ሞገዱ አፈሩን የሚነቀንቀው በጣም በጥቂቱ ነው፤ ምሰሶ ግን በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል። ስለሆነም በተመረጡ ቦታዎች ጫፉ ሾጣጣ የሆነ የብረት ዘንግ በሴኮንድ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ እየተገፋ የሚገጥመው ተቃውሞ ይለካል። ይህ ዘዴ በሆላንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተጀመረ ነው። በዘንጉ የተገኘው ልክ በዚያው ቦታ ከተገኘው የድምፅ ልክ ጋር ይነጻጸራል። የሁለቱ ዝምድና ከታወቀ በኋላ፣ ዘንግ ያልገባበት ቦታ ጽናት ከድምፁ ይገመታል። ብዙ የነፋስ ማመንጫዎች በተተከሉበት በሰሜን ባሕር ይህ አሠራር የተለመደ ነው። ግምቱ ከተለካው ቦታ በራቀ መጠን አስተማማኝነቱ ስለሚቀንስ፣ ጥርጣሬው ወደ በዛበት ሥፍራ መርከቧ ዘንጓን ይዛ ትመለሳለች።