የንግድ ዕቅድ ሽልማትና ጥቅሙ

ዕውቀት ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ገንዘብም ብቻውን ዕውቀትን አይወልድም። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። ይህን አሳብ እንዳነሣ ያደረገኝ በትምህርት ቤታችን ዘወትር የሚሰማው ክርክር ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ የምንማረው «ንግድ የሚማር ሰው ምን ይፈጥራል?» እንላለን፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ «የእናንተን ፈጠራ ማን ይገዛዋል?» ብለው ይመልሱልናል። እኔ ምንም እንኳ የሒሳብ ወዳጅ ብሆን፣ ክርክሩን ሊያበርድ የሚችል አንድ ምሳሌ ስላገኘሁ ለአንባቢዎች ላቀርበው ወደድኩ። ይኸውም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የንግድ ዕቅድ ሽልማት ነው። የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕግ ተማሪዎች በእውነተኛ ዳኛ ፊት ከመቆማቸው በፊት በትምህርት ቤታቸው የልምምድ ችሎት ይሟገታሉ። በ1984 በኦስቲን ከተማ በሚገኘው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ በንግድ አስተዳደር ለማስተርስ ዲግሪ የሚማሩ ተማሪዎች ይህንኑ ልማድ ወደ ንግድ ትምህርት አመጡት። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው አዲስ ኩባንያ የሚቋቋምበትን ዕቅድ ይጽፋሉ፤ ከዚያም በዳኞች ፊት ቀርበው ያስረዳሉ። በ1990 ደግሞ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች የ10,000 ዶላር ውድድር ጀመሩ። ሽልማቱም እያደር ወደ 50,000፣ ኋላም ወደ 100,000 ዶላር ከፍ አለ። ውድድሩን የሚያካሂዱት ተማሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸው በጣም ደስ ያሰኛል።

ታዲያ ዳኞቹ የሚመረምሩት ምንድን ነው? «አዲስ ነገር ነውን?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። የማንን ችግር ያቃልላል? ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው? ለመሥራትስ ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል? ሌላ ሰው አይቶ ቢቀዳው ምን ይደረጋል? ለእነዚህ ሁሉ በቂ መልስ የሌለው ቡድን፣ ፈጠራው ምንም ያህል ቢያስደንቅ፣ ማሸነፉ ያጠራጥራል።

ነገሩ እንዲብራራ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። በ1995 የድረ ገጽን ሥርዓት የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ፣ ወደ ፊት በኢንተርኔት ላይ ከባድ መጨናነቅ እንደሚመጣ ተረድቶ ለተቋሙ ባልደረቦች ችግሩን አቀረበላቸው። የአንድ ሰፈር ሕዝብ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ በአንድ ቦኖ ቢሰለፍ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። እንዲሁም ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከአንድ ኮምፒዩተር ገጽ ቢጠይቁ ኮምፒዩተሩ ይዝላል። የሒሳብ ፕሮፌሰሩ ቶም ሌይተንና ተማሪው ዳንኤል ሌዊን ያገኙት መፍትሔ ቦኖውን ማብዛት ነበር፤ ይኸውም የገጹን ቅጂ በየአገሩ ባሉ ብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ አስቀምጦ፣ ጠያቂው ሁሉ ከሚቀርበው እንዲቀዳ ማድረግ ነው። የትኛው ኮምፒዩተር ለማን እንደሚያድል፣ አንዱ ቢበላሽ ሥራው ወደ የትኛው እንደሚዛወር የሚወስነው ግን ረቂቅ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ ተገኘ፤ ንግዱ ግን ገና አልተገኘም ነበር። በዚህ ጊዜ ከተቋሙ የንግድ ትምህርት ቤት ጆናታን ሲሊግና ፕሪቲሽ ኒጃዋን የተባሉ ተማሪዎች ከእነርሱ ጋር ተባበሩ። በ1998 ዕቅዳቸውን ለውድድሩ አቀረቡ፤ ከ100 ያህል ዕቅዶች መካከልም ለመጨረሻው ዙር ከደረሱት 6 አንዱ ሆኑ። ነገር ግን አላሸነፉም! ሽልማቱን ሌላ ቡድን ወሰደ።

እነርሱ ግን ተስፋ አልቆረጡም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አካማይ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ስሙ በሐዋይ ቋንቋ «ብልህ» ማለት ነው። በ1999 አገልግሎቱን መሸጥ ጀመሩ፤ የሚከፍለውም ገጹን የሚያየው ሰው ሳይሆን የገጹ ባለቤት ሆነ። ዛሬ ኩባንያው በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። ዳንኤል ሌዊን ግን የድካሙን ፍሬ ብዙ አልበላም፤ በመስከረም 11 ቀን 2001 አሸባሪዎች ከጠለፏቸው አውሮፕላኖች በአንዱ ተሳፍሮ ሳለ በ31 ዓመቱ ሞተ። በ2017 እርሱና ፕሮፌሰሩ በአሜሪካ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ገብተዋል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ሽልማቱ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ገንዘቡ አለመሆኑን ነው። ገንዘቡን የሚወስዱት ጥቂቶች ናቸው፤ ዕቅዱን መጻፍና በዳኛ ፊት መፈተን ግን ለተወዳዳሪው ሁሉ ይደርሳል። ሒሳብ ዐዋቂውን «ማን ይከፍላል?» ብሎ እንዲያስብ፣ ንግድ ተማሪውንም «ነገሩ እንዴት ይሠራል?» ብሎ እንዲጠይቅ ያስገድዳቸዋል።

ስለዚህ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። በየዓመቱ በምናዘጋጀው የሳይንስ ኤግዚቢሽን ላይ እያንዳንዱ የፈጠራ ሥራ አንድ ገጽ የንግድ ዕቅድ ይጨመርለት፤ ዕቅዱንም የማኅበራዊ ሳይንስ ጓደኞቻችን አብረውን ይጻፉት። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ ተለያይተን ከምንከራከር ተባብረን ብንሠራ ይሻለናል።