በበርሜላችን የምታድገው ትንኝ

በ2011 ዓ.ም. ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ በድሬዳዋ ሳለሁ፣ አንድ ማለዳ ከመኝታዬ ልነሣ ብል ቁርጭምጭሚቴና የእጄ አንጓ ሌሊቱን በዱላ ሲቀጠቀጥ ያደረ ይመስል አልታዘዝ ስላለኝ፣ በወንጌል አሥራ ስምንት ዓመት ጎብጣ እንደ ኖረች እንደ ተነገረላት ሴት ወገቤን አጥፌ፣ ግድግዳ እየተደገፍሁ ወደ ደጅ ወጣሁ። ጎረቤቶቼ ሁሉ በአንድ ቃል «ወባ ነው» አሉ፤ ደሜ ሲመረመር ግን የወባ ተውሳክ አልተገኘበትም። በዚያ ሰሞን በከተማይቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እንደ እኔው ታሞ ነበር።

የደዌው ስም ቺኩንጉንያ ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ፣ ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር ሲታወቅ፣ የማኮንዴ ሰዎች በቋንቋቸው «የሚያጎብጥ» ሲሉ ሰየሙት፤ ሊቃውንቱ ከግሪክና ከላቲን ሳይበደሩ ሕመምተኛው ራሱ ያወጣው ስም ስለ ሆነ ይመስለኛል እንዲህ የሰመረው። እኛ በስም አልቀናንም፤ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሞ ሸለቆ ሠላሳ ሺህ ያህል ነፍስ እንዳጠፋ የሚገመተውን፣ ቫይረስ የሚያመጣውንና ከወባ ጋር አንዳች ዝምድና የሌለውን መቅሠፍት እንኳ «ቢጫ ወባ» እንለዋለን።

ቺኩንጉንያን፣ ደንጊንና ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው፣ እግሮቿ በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎሩ ትንኝ፣ እንደ ወባዋ ትንኝ ጨለማን ሳትጠብቅ በጠራራ መዓልት ስለምትነድፍ፣ ሌሊት በአጎበር ውስጥ የሚተኛው ሰው ቀን ደጃፉ ላይ ቡናውን ሲጠጣ ታገኘዋለች። ረግረግም አትሻም፤ ቧንቧው ይጠፋል ብለን የምንሞላው በርሜል ይበቃታል። እንቁላሏን ከውሃው ወለል ከፍ አድርጋ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ታጣብቀዋለች፤ እርሱም ወራት ደርቆ ሊቆይና ውሃ ሲነካው ሊፈለፈል ስለሚችል፣ ውሃውን ደፍቶ እንደ ገና መሙላት ብቻ ከንቱ ድካም ነው፤ ውስጡ በብሩሽ ተፈግፍጎ አፉ መከደን አለበት።

ለቺኩንጉንያ የታወቀ ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ የሚገድለውም ጥቂቱን ነው። ይሁን እንጂ ትኩሳቱ ደንጊ አለመሆኑ ሳይታወቅ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ደም ሊያፈስ ስለሚችል፣ ፓራሲታሞልና ብዙ ፈሳሽ ይሻላል። ንዳዱ በሳምንት ይለቃል፤ የመገጣጠሚያው ሕመም ግን ወራት ሊቆይ ይችላል። እኔ እስከ ጥምቀት ድረስ የጀሪካን ክዳን በገዛ እጄ መክፈት አቅቶኝ የጎረቤት ልጅ እየጠራሁ አስከፍት ነበር፤ በርሜሌ ግን ያን ጊዜም ክዳን አልነበረውም።