የእናቴ ፕሬዠር ኩከርና አራት ጠርሙስ ስንዴ

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ አሥር ቀን በፊት ለእናቴ ቃል ገባሁላት። “እማዬ፣ በዚህ ጾም በእጄ ያበቀልኩትን እንጉዳይ ጠብሼ አበላሻለሁ” አልኳት።

እናቴ ሳቀች። እሷ በልጅነቷ እንጉዳይን የምታውቀው “የጅብ ጥላ” በሚለው ስሙ ነው። ከዝናብ በኋላ ሜዳ ላይ ይበቅላል፤ ልጆች እንዳይነኩት ይነገራቸዋል። አሁን ግን በጾም ከሱቅ እየገዛች በሽንኩርትና በቃሪያ ትጠብሰዋለች። “እስቲ እናያለን” አለችኝ።

የምንኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። እኔም የተወለድኩት እዚሁ ነው። አማርኛዬን የለመድኩት በአብዛኛው ወጥ ቤት ውስጥ፣ እናቴ አጠገብ ቆሜ ነው። ስለዚህ የምጽፍላችሁም በወጥ ቤት አማርኛ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ

የእንጉዳይ ዘር የሚያድግበት ምግብ ይፈልጋል። እኔ ስንዴ መረጥኩ። የተቀቀለ ስንዴ በአራት አፈ ሰፊ ጠርሙሶች ሞላሁና ጠርሙሶቹን በትልቅ ድስት፣ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ቀቀልኳቸው። ሲቀዘቅዙ በስሪንጅ የገዛሁትን የኦይስተር እንጉዳይ ዘር ጨመርኩባቸው።

በሳምንቱ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነጭ ነገር ማየት ነበረብኝ። ያየሁት ግን አረንጓዴ ሻጋታ ነው። ሁለቱ ጠርሙሶች ደግሞ ተዝለግልገው የኮመጠጠ ነገር ይሸቱ ነበር። አራቱንም ሳልከፍት በፕላስቲክ ጠቅልዬ ጣልኳቸው። የሻገተ ጠርሙስ ቤት ውስጥ ከተከፈተ ብናኙ በየቦታው ይሰራጫል።

አፈርኩ። ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። “ይቅር እማዬ፣ ከሱቅ እገዛልሻለሁ” አልኳት።

“ስንት ሰዓት ቀቀልከው?” አለችኝ።

“አንድ ሰዓት። በደንብ ፈልቷል።”

“መፍላትማ ይፈላል። አዲስ አበባም ባቄላው ሲፈላ ይውላል፤ ቶሎ ግን አይበስልም። ፕሬዠር ኩከር ለምን የገዛሁ ይመስልሃል?”

መፍላት ለምን አልበቃም?

ውሃ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ቦታው ከፍ ሲል የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም በትንሽ ሙቀት ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ እኛ ባለንበት ደግሞ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ብትጨምሩም ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም።

አንዳንድ ባክቴሪያዎች ችግር ሲመጣባቸው ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ይተኛሉ። ይህ ስፖር ይባላል። የሚፈላ ውሃ ብዙ ተህዋሲያንን ይገድላል፤ እንዲህ ያለውን ስፖር ግን ላይገድል ይችላል። ስንዴው ሲቀዘቅዝ ስፖሩ ይነቃል። ስንዴ ደግሞ ለእንጉዳይ ብቻ ሳይሆን ለባክቴሪያና ለሻጋታም ግሩም ምግብ ነው። እነሱ ፈጣን ናቸው፤ እንጉዳይ ግን ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው።

ስለዚህ ስንዴውን ማምከን ያስፈልጋል። ማምከን ማለት በውስጡ ያለውን ተህዋስ ሁሉ፣ ስፖሩን ጨምሮ፣ መግደል ነው። ለዚህ የሚረዳው ግፊት ነው። እንፋሎት ታምቆ ግፊቱ በ15 ፒ.ኤስ.አይ. ሲጨምር፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ሙቀቱ 121 ዲግሪ ይደርሳል። ሆስፒታሎች መሣሪያዎቻቸውን የሚያመክኑት በዚሁ ዘዴ ነው። ሐሳቡም የቆየ ነው፤ ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፔን እንፋሎት የሚያምቅ ድስት የሠራው በ1679 ነው።

ሁለተኛው ሙከራ

በዚህኛው ዙር እናቴ አጠገቤ ቆመች። ስንዴውን ሌሊቱን ዘፈዘፍነው። ጠዋት እንደ ንፍሮ ቀቀልነው፤ ግን ፍሬው ሳይፈነዳ አወጣነው። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተን ላዩ እስኪደርቅ ጠበቅን። እርጥብ ስንዴ ይጣበቃል፤ ለባክቴሪያም ይመቻል። ከዚያ ግማሽ ሊትር የሚይዙትን ጠርሙሶች ሁለት ሦስተኛ ያህል ሞላናቸው። ክዳናቸውን በስተን ቀዳዳውን በጥጥ ደፈንን፤ ውሃ እንዳይገባም በፎይል ሸፈንነው።

ጠርሙሶቹ የድስቱን ሥር እንዳይነኩ ከታች የብረት መደገፊያ አደረግን። ለሁለት ሰዓት የሚበቃ ውሃ ጨመርን። ክዳኑን ከዘጋን በኋላ እንፋሎቱ ለ10 ደቂቃ በነጻ እንዲወጣ ተውነው፤ አየር ከቀረ ሙቀቱ በደንብ አይደርስም። ከዚያ እናቴ “ፊሽካው” የምትለውን ክብደት አስቀመጥን። ለዚህ መጠን 90 ደቂቃ የተለመደ ነው። በእኛ ከፍታ ግን በ15 ፒ.ኤስ.አይ. የሚገኘው ሙቀት 118 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሁለት ሰዓት አደረግነው።

ሰዓቱ ሲደርስ እሳቱን አጠፋሁ። ትንሽ ቆይቶ ፊሽካው ዝም አለ። እኔም እጄን ወደ ክዳኑ ሰደድኩ። እናቴ አንጓዬን ያዘችኝ።

“አትንካ! ዝም ስላለ በረደ ማለት አይደለም።”

ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። “አንተ የሦስት ወር ልጅ ነበርክ። ታለቅስ ነበር፤ ቸኩዬ በግድ ከፈትኩት” አለችኝ። የምለው ጠፋኝ። ድስቱን ሳንነካው አደርን።

በማግስቱ መስኮቱን ዘግቼ እጄን በአልኮል ጠረግኩ። አልኮሉ ከደረቀ በኋላ መርፌውን በእሳት አግዬ አቀዘቀዝኩትና ዘሩን ጨመርኩ። በ16 ቀን ስንዴው ሁሉ ነጭ ሆነ። ያንን ከጭድ ጋር ደባለቅነው። ጭድ እንደ ስንዴ የዳበረ ምግብ ስላልሆነ ማምከን አላስፈለገውም፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ለአንድ ሰዓት ተኩል መዘፍዘፉ በቃው። ከሆሳዕና በፊት ባለው ሐሙስ የመጀመሪያውን እንጉዳይ ቆረጥኩ።

እናንተም ልትሞክሩ ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ የድስታችሁን መመሪያ አንብቡ። ብዙ የኤሌክትሪክ ድስቶች 15 ፒ.ኤስ.አይ. አይደርሱም። የክዳኑን ጎማና የእንፋሎት መውጫውን ፈትሹ። ድስቱን ትታችሁ ከቤት አትውጡ፤ ግፊቱ ራሱ እስኪወርድም ክዳኑን አትክፈቱ። ዘሩን ከታመነ ሻጭ ግዙ እንጂ ከሜዳ አትልቀሙ።

እናቴ ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልላ ቀመሰች። “ጨው አንሶታል” አለች። ከዚያ ሁለተኛ ጉርሻ ጠቀለለችና አጎረሰችኝ።