አንድ ስም፣ ብዙ ዝርያ፦ ስለ ባለሸንተረር እንቁራሪቶች አሰያየም

ከአዳማ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ከሸዋ ደጋ፣ በአሰላ በኩል የሚወጣው ደግሞ ከአርሲ ደጋ ያደርሳል። ከተማዋ በመካከላቸው፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ትገኛለች። በሁለቱ ደጋዎች ረግረግ ሣር ውስጥ የሚዘለውን ትንሽ ፍጥረት አማርኛ «እንቁራሪት»፣ ኦሮምኛ «ራቻ» ይለዋል። ሳይንሱም ቢሆን ለብዙ ዘመን ከዚህ እምብዛም አልራቀም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1924 (እ.ኤ.አ.) ኤርንስት አል የተባለው ጀርመናዊ ለሁለት የኢትዮጵያ እንቁራሪቶች «ኔውማኒ» እና «ኤርላንገሪ» የሚሉ ስሞች አወጣ፤ ስሞቹ በአገራችን አብረው የተጓዙትን ኦስካር ኔውማንንና ካርሎ ፎን ኤርላንገርን የሚያስታውሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ «ኔውማኒ» በደጋው ሁሉ የተሰራጨ አንድ ዝርያ ተደርጎ ተቈጠረ። ዘረመሉ፣ መልኩና ጩኸቱ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ብዙ ዝርያዎች ባንድ ስም ተጠቃልለው መኖራቸው ተገለጠ። በ2017 ሦስት፣ በ2021 ደግሞ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ተሰየሙ። ከምክንያቶቹ አንዱ ስምጥ ሸለቆው ራሱ ነው፤ ቀዝቃዛውን ደጋ የለመደ እንቁራሪት ሞቃቱን ወለል በቀላሉ ስለማያቋርጥ፣ በሁለቱ ወገን ያሉት ለየብቻ ተለውጠዋል።

ተርጓሚው ታዲያ ምን ይበል? የወገኑ ስም «ፕቲካዴና» ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «እጥፋት» እና «ዕጢ» የሚሉ ቃላትን ያጣምራል፤ በእንስሳው ጀርባ ላይ ቁልቁል የሚወርዱትን የቆዳ መስመሮች ያመለክታል። እንግሊዝኛው «የሣር እንቁራሪት» ይለዋል። ይህን ቃል በቃል መገልበጥ አይበጅም፤ ጀርመንኛ በዚሁ ስም የሚጠራው ፈጽሞ ሌላ የአውሮፓ እንቁራሪት ነውና። ደግሞስ ሣር ውስጥ የማይገኝ እንቁራሪት ስንት ነው? እኔ በበኩሌ «ባለሸንተረር እንቁራሪት» የሚለውን እመርጣለሁ፤ ሸንተረር ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሻካራ ቆዳ ላላቸው «ጉርጥ» ይቈይላቸው። መጽሐፍ ቅዱሳችን በኦሪት ዘፀአት የሚጠቀምበት «ጓጕንቸር» ግን በአጠቃቀም ሁለቱንም ስለሚሸፍን ለሳይንስ ስያሜ አይመችም።

በዝርያ ስም ረገድ ከቦታ የተገኘው ወደ ቦታው ይመለስ፦ «ሮቤንሲስ» በአማርኛ «የሮቤ ባለሸንተረር» ቢባል ያምራል፤ የባሌው ሮቤ ነው። የሰው ስም ያለበት ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። ከ2017 በፊት የተጻፈ ዘገባ ከባሌ የተሰበሰበን እንቁራሪት «ኔውማኒ» ቢለው፣ ያ እንስሳ ዛሬ ሌላ ስም ሊኖረው ይችላል። ተርጓሚው «የኔውማን ባለሸንተረር» ብሎ ቢያልፈው፣ አንባቢው ሁለት የተለያዩ እንስሳትን እንደ አንድ ይቈጥራል፤ በጠባብ አካባቢ ብቻ የሚኖረውም በየቦታው የሞላ ይመስለዋል። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ጽሑፍ ሳይንሳዊው ስም በፊደላችን እንዳለ ይጻፍ፤ የተሰበሰበበት ቦታና የዘገባው ዓመትም ከጎኑ ይቀመጥ።