ተጨማሪ መረጃ፦ ሞክሼዎች በሸማ ተራ

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ቢደነግግም ልማዱ በኢትዮጵያ ሥር ስላልሰደደና ከግለሰቡ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባትና የአያት ስም ስለሆነ፣ በመርካቶ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ይነግድ የነበረን ቅድመ አያት በመዝገብ የሚፈልግ ሰው በሞክሼዎች፣ ማለትም ተመሳሳይ ስም ባላቸው ሰዎች፣ በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል። ደንበኞች «ገብሬ» የሚሉት ነጋዴ በውል ሰነድ ላይ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ ወይም ገብረ ሚካኤል ሊሆን ይችላል፤ በጥምቀት ጊዜ የሚወጣው የክርስትና ስም ደግሞ ከዓለማዊው ስም ፈጽሞ ሊለይ ይችላል። ኃይሌ፣ ሐይሌና ሀይሌ፣ እንዲሁም መሐመድና ሙሐመድ በፊደል ተራ በተደራጀ መዝገብ የተለያየ ቦታ ስለሚይዙ፣ የአያትን ስም፣ የትውልድ ቀበሌን፣ የትዳር ጓደኛን ስምና ደብርን ወይም መስጊድን አንድ ላይ ማመሳከር የግድ ነው።