ቁም ሣጥን በሞባይል

እኔ የምሠራበት ኪስታ፣ ስዊድኖች «ሺስታ» ብለው የሚጠሩት የስቶክሆልም ሰሜናዊ ክፍል፣ ስሙን የወረሰው ድሮ በቦታው ከነበረ የእርሻ ይዞታ ነው። ቃሉ በስዊድንኛ ሣጥን ማለት ነው፤ ልክ እንደኛው ቋንቋ የልብስም የሬሳም ሣጥን ይሆናል። ዛሬ ሠፈሩ ኤሪክሰን ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገበት የቴክኖሎጂ መንደር ነው። ታዲያ ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የምሠራው የሞባይል ፕሮግራም ስለ ቁም ሣጥን መሆኑ ራሴንም ያስቀኛል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው «ክሉለስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ አንዲት ወጣት የዕለት ልብሷን በኮምፒውተር ስትመርጥ ይታያል። ዛሬ ይህን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው። አሠራራቸውም ተመሳሳይ ነው፦ ልብስህን ፎቶ ታነሣለህ፣ ፕሮግራሙ ቀለሙንና ዓይነቱን ይለያል፣ በለበስክ ቁጥር ይመዘግባል። ከዚያ ዋጋውን ለለበስክበት ጊዜ ያካፍላል። በ2000 ክሮነር የተገዛ ካፖርት 100 ጊዜ ከተለበሰ፣ አንዱ መልበስ 20 ክሮነር ወጣበት ማለት ነው። ዓመት ሙሉ ያልተነካውን ደግሞ «ስጠው ወይም ሽጠው» ይላል።

እኔም በዚሁ መንገድ ጀመርኩ። የመጀመሪያው እንቅፋት ነጭ ቀለም ሆነ። የባለቤቴን የሀበሻ ቀሚሶችና ነጠላዎች አንድ በአንድ ፎቶ ባነሣ፣ ፕሮግራሙ ሁሉንም «ነጭ ሻርፕ» ብሎ አንድ ላይ ከመራቸው። አንዱን ከሌላው የሚለየው ጥለቱ መሆኑን ማን ነግሮት! ስስ ሸማውንም ከግድግዳው መለየት አቅቶት ግማሹን ቆርጦ ጣለው። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ጥቁር ጨርቅ ከሥር ማንጠፍና ጥለቱን ለብቻው በቅርብ ማንሣት።

ሁለተኛው ችግር ቀን ነው። ፕሮግራሞቹ የሚያውቁት አራቱን የአውሮፓ ወቅቶች ነው። እኔ የጨመርኩት የኛን የዘመን አቆጣጠር ነው። እንቁጣጣሽ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ የሚገባው ዓመተ ምሕረት ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ግን፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ 12 ይሆናል። 2016 ዓ.ም. እንዲሁ ነበር የገባው። ጥምቀትም በዚያው ዓመት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሸጋገራል። በፕሮግራም ቋንቋ አንድ መስመር ናት፤ እሷ ከሌለች ግን ማስታወሻው በአንድ ቀን ይስታል።

ሦስተኛውን ችግር ግን በራሴ ላይ ነው የተማርኩት።

አንድ ቀን ፕሮግራሜ ያልተለበሱ ልብሶችን ዝርዝር አወጣልኝ። ጥቁር ሙሉ ልብሴ አለበት። አክስቴ ስመጣ የሰጠችኝ ነጠላም አለበት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ጨርቅ ለብቻው መሰብሰብ ስላለበት፣ ሁሉንም በከረጢት አደረግሁና ልወስድ ተነሣሁ። ባለቤቴ ከረጢቱን ከፍታ ነጠላውን አወጣችና «ይኼ እኮ የእትዬ ነው» ብላ መለሰችው። ሙሉ ልብሱ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ቅዳሜ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ስድስት ወዳጆቼ ቆመዋል፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት የሚመጣ ሰው የሚያመጣው ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ ነበረች። ለለቅሶው የሰው ኮት ተውሼ፣ እሷ የሰጠችኝን ነጠላ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

በኋላ ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ አሰብኩ። ስሌቱ ልክ ነው፤ የተሳሳተው መለኪያው ነው። ብዙ የተለበሰ ልብስ ሁሉ ዋጋ አለው፣ ያልተለበሰ የለውም የሚል ሰው ያልጻፈው ሕግ ውስጡ ተቀምጧል። እኛ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንላለን፤ ፕሮግራሙ ግን ለጥምቀት ብቻ የሆነውን ቀሚስ ቀድሞ ያስበጣጥሳል። በተለይ የስደተኛ ቁም ሣጥን ግማሹ የሚጠብቅ ልብስ ነው፤ በዓልን፣ ሠርግን፣ አገር ቤት የሚገባበትን ቀን፣ መርዶን።

ስለዚህ በመረጃ ሠንጠረዡ ላይ ሁለት ዓምዶች ጨመርኩ። አንዱ «ይቆይ» ይላል፤ ምልክት የተደረገበት ልብስ ከቆጠራው ይወጣል። ሁለተኛው «ማን ሰጠህ?» ይላል፤ ስም የተጻፈበትን ልብስ ፕሮግራሙ አውጣው አይልም። ለነጠላ ደግሞ አለባበሱን የሚመዘግብ ቦታ አለ፦ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለደስታ፣ ለሐዘን። አንዱ ጨርቅ ሦስት ልብስ ነውና።

የአክስቴ ነጠላ አሁን በሁለቱም ዓምዶች ተመዝግቧል። የተለበሰበት ብዛት፦ 1።

ቸር ይግጠመን።